ሞተር የመግዣው ጊዜ፤ ስለ መጀመሪያዎቹ አይሮፕላን ሠሪዎች

በገዛ እጁ አይሮፕላን ለመሥራት የሚነሣ ሰው የሚያስጨንቀው አንድ ታላቅ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሞተሩን መቼ ልግዛ የሚለው ነው። ክንፉን ከእንጨትና ከሸራ፥ አካሉንም ከብረት ቱቦ ራሱ አበጅቶ ሊያቆመው ይችላል፤ ሞተሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ መግዛት ግድ ይሆንበታል፥ ዋጋውም ከሌላው ዕቃ ይልቅ የከበደ ነው። ቸኵሎ የገዛው እንደ ሆነ፥ የቤት ውስጥ ሥራ ዓመታት የሚፈጅ ነውና፥ ሞተሩ በሣጥን እንደ ተቀመጠ እርጥበት ገብቶት ሲሊንደሩ ከውስጥ ይዝጋል፤ የጎማ ዕቃው ይደርቃል፤ ፋብሪካው የሰጠው የዋስትና ጊዜም ሞተሩ አንድ ቀን ሳይበር ያልቃል። አዘግይቶ የገዛው እንደ ሆነ ደግሞ፥ የሞተሩን ክብደትና ልክ ሳያውቅ የሠራው አካል ለሞተሩ የማይስማማ ሆኖ ይገኛል፤ አፍንጫው ከታሰበው በላይ የከበደ ወይም የቀለለ እንደ ሆነ የአይሮፕላኑ ሚዛን ይናጋልና።

ይህ ጥያቄ የዛሬ ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ከአይሮፕላን ጋራ አብሮ የተወለደ ነው። አይሮፕላን ገና በዓለም ላይ ሳይኖር ሰው ለመብረር የደከሙት ሁሉ ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል፤ አንዳንዱም መልሱን በነፍሱ ከፍሎበታል። ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው የተናገረውን ምሳሌ የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። እዚያ የተነገረው ስለ ገንዘብ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ግን ከገንዘቡ ሒሳብ ጋራ ሌላ ሒሳብ አለ፤ ይኸውም ዕውቀቱ የት እንደ ደረሰ መቍጠር ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጀርመን አገር ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል መሐንዲስ ነበር። በበርሊን ከተማ በእንፋሎት የሚሠሩ መኪናዎችን የሚያበጅ ፋብሪካ የነበረው ሰው ስለ ሆነ፥ ሞተር ለማግኘት ከማንም ይልቅ የቀረበ ነበረ። ነገር ግን ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በተራራ ላይ እየወጣ፥ በትከሻውና በክንዱ በያዘው ክንፍ ያለ ሞተር በነፋስ ላይ መንሳፈፍን ይለማመድ ጀመር። ሁለት ሺሕ ጊዜ ያህል እንደዚህ ወረደ። ሰው አስቀድሞ በነፋስ ላይ መቀመጥን ይማር፥ ኃይል ከዚያ በኋላ ይጨመርለታል የሚል አሳብ ነበረው። ሆኖም ክንፉን የሚመራው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ በማወዛወዝ ብቻ ነበርና፥ በነሐሴ 9 ቀን 1896 ዓ.ም. ነፋስ ክንፉን ቀጥ አድርጎ አቁሞት ወደቀ፥ በማግሥቱም ሞተ። ሊሊየንታል ሞተሩን ከልምምድ በኋላ በማድረጉ አልተሳሳተም፤ ያጐደለው የመምሪያውን ብልሃት ነው።

ከእርሱ ዘንድ ሄዶ የተማረ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበረ፤ ስሙም ፐርሲ ፒልቸር ይባላል። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመርከብ አሠራር ረዳት አስተማሪ ነበረ። በ1896 ዓ.ም. ሆክ ብሎ የሰየመውን ሞተር የሌለው ክንፍ ሠራ፤ ሆክ ማለት በእንግሊዝኛ ጭልፊት ማለት ነው። በሚመጣው ዓመትም በእርሱ ከ200 ሜትር በላይ ተንሳፈፈ። ከዚህ በኋላ ልቡ ወደ ሞተር አዘነበለ። ነገር ግን ሒሳቡን ቢያስበው አንድ ወጥመድ አገኘበት፤ ሞተሩን ለመሸከም ክንፉ መስፋት አለበት፥ ክንፉ ሲሰፋ ክብደቱ ይጨምራል፥ ክብደቱ ሲጨምር ደግሞ የበለጠ ብርቱ ሞተር ያሻል። ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት ሦስት ትናንሽ ክንፎች አንዱን ከአንዱ በላይ ደርድሮ አዲስ አይሮፕላን ሠራ፥ 4 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተርም አዘጋጀለት።

በመስከረም 30 ቀን 1899 ዓ.ም. ገንዘብ ይረዱኛል ብሎ ተስፋ ያደረገባቸውን ታላላቅ ሰዎች ስታንፎርድ ሆል ወደሚባል ርስት ጠርቶ ይህን አይሮፕላን ሊያሳያቸው ቀጠሮ ሰጠ። ቀኑ ሳይደርስ የሞተሩ ዋና ዘንግ ተሰበረ። እንግዶቹ ግን ተጠርተዋል፥ ቀኑም ዝናም ነበረ። ፒልቸር እንግዶቹን ባዶ እጃቸውን ላለመስደድ ብሎ አሮጌውን ጭልፊት አውጥቶ ወጣ፤ በ10 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ የጅራቱ እንጨት ተሰበረና ወደቀ፥ በሁለተኛውም ቀን በ32 ዓመቱ ሞተ። ባለ ሦስት ክንፉ አይሮፕላን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞከር ቀረ። በ2003 ዓ.ም. የእንግሊዝ መሐንዲሶች በእርሱ አሳብ አምሳያውን፥ ጥቂት ነገር አሻሽለው፥ ሠርተው ቢያበሩት 1 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በረረ። እንግዲህ ፒልቸርን የገደለው የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ያልተፈተነ ሞተር ይዞ ለሰው ቀን መቍረጡ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ በዚያው ዘመን ሳሙኤል ላንግሊ የሚባል ታላቅ የከዋክብት ሊቅ ነበረ። በዋሽንግተን ከተማ ያለው የስሚትሶኒያን የዕውቀት ማኅበር አለቃ ስለ ነበረ፥ ክብርም ገንዘብም ሠራተኛም አልጐደለበትም። በግንቦት 6 ቀን 1896 ዓ.ም. ሰው የሌለበት፥ በእንፋሎት ሞተር የሚሄድ ትንሽ አይሮፕላን በፖቶማክ ወንዝ ላይ አንድ ሺሕ ሜትር ያህል አበረረ፤ ቴሌፎን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በዐይኑ አይቶ መሰከረለት። በ1898 ዓ.ም. አሜሪካ ከእስፓኝ ጋራ ጦርነት በገጠመች ጊዜ የጦር ሚኒስቴር ሰው የሚሸከም አይሮፕላን እንዲሠራ 50 ሺሕ ዶላር ፈቀደለት።

ላንግሊም ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው ስለ ሞተር ነበር። ትንሹ አይሮፕላኔ ያለ ሰው ከበረረ፥ ያንኑ አራት እጥፍ አሳድጌ ብርቱ ሞተር ባገኝለት ሰውንም ይሸከማል ሲል አሰበ። ስለዚህ በ1898 ዓ.ም. መጨረሻ ኒው ዮርክ ካለው ስቲቨን ባልዘር ከሚባል የመኪና ሠሪ ጋራ ውል ተዋዋለ፤ ሞተሩ 12 የፈረስ ጕልበት እንዲኖረውና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሠርቶ እንዲሰጠው ነበር። ሳምንታቱ ወራት ሆኑ፥ ወራቱም ዓመት ሆኑ፤ ባልዘር ቢደክምም ሞተሩ የተባለውን ኃይል ሊሰጥ አልቻለም። ላንግሊ ቻርልስ ማንሊ ከሚባለው ወጣት መሐንዲሱ ጋራ በ1900 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ተሻግሮ የሞተር ሠሪዎችን ጠየቀ፤ እንዲህ ቀላልና ብርቱ የሆነ ሞተር ለመሥራት የሚደፍር ግን አላገኘም። በመጨረሻ ማንሊ ራሱ የባልዘርን ሥራ ተቀብሎ እንደ ገና አበጀው፤ አምስቱን ሲሊንደሮች እንደ ኮከብ ጨረር ዙሪያውን አቆማቸው፥ በውኃም እንዲቀዘቅዙ አደረገ። ሞተሩ 52 የፈረስ ጕልበት ሰጠ፤ ከነዕቃው ሁሉ ቢመዘን 94 ኪሎ ያህል ብቻ ነበረ። ለአንድ ፈረስ ጕልበት ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚተካከል ሞተር በዓለም ላይ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አምስት ዓመት ሊሞላ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ማንም ሰው በላንግሊ ክንፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ሜትር እንኳ አልተንሳፈፈም። አይሮፕላኑን እንዲመራ የተመረጠው ያው ሞተሩን የሠራው ማንሊ ነበረ፤ ማንሊም ከዚያ ቀን በፊት በአየር ላይ ወጥቶ አያውቅም። አካሉም ትንሹ ሲያድግ የሚደርስበት ጫና ከልክ በላይ እንደሚያድግ በሚገባ አልተመዘነም ነበር። በጥቅምት 7 ቀን 1903 ዓ.ም. በወንዙ ላይ ከቆመች ታንኳ ቤት አናት ላይ በመወርወሪያ ተለቀቀ፤ ወዲያውም አፍንጫውን ደፍቶ ውኃ ውስጥ ገባ። ጠግነው በታኅሣሥ 8 ቀን እንደ ገና ሞከሩት፤ ገና ሲለቀቅ የኋላው ተሰብሮ ተገለበጠ፥ ማንሊም ከበረዶው ውኃ ውስጥ በጭንቅ ወጣ። ሞተሩ ግን በሁለቱም ቀን ሥራውን አላጐደለም። ጋዜጠኞችና የምክር ቤት ሰዎች በሽማግሌው ሊቅ ላይ ተዘባበቱበት፥ መንግሥትም ገንዘቡን ከለከለ። ላንግሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1906 ዓ.ም. አረፈ።

ከዚሁ ጋራ በአንድ ዘመን በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የኤጲስ ቆጶስ ሚልተን ራይት ልጆች ዊልበርና ኦርቪል ይኖሩ ነበር። አባታቸው የተባበሩት ወንድሞች የምትባለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አለቃ ነበሩ። ልጆቹ ብስክሌት እየሠሩና እየጠገኑ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ መንግሥት አልረዳቸውም፥ ባለጸጋም አልሰጣቸውም። የሊሊየንታል ሞት በጋዜጣ በተሰማ ጊዜ ልባቸው በዚህ ነገር ተነካ። በግንቦት 1899 ዓ.ም. ዊልበር ላንግሊ አለቃ ወደ ሆነበት ማኅበር ደብዳቤ ጽፎ ስለ መብረር የተጻፉትን መጻሕፍት ለመነ፤ መጻሕፍቱም ተላኩለት።

ወንድማማቾቹ የተላኩላቸውን ካነበቡ በኋላ ነገሩን በሦስት ከፈሉት፤ አንደኛው ክንፍ ነው፥ ሁለተኛው ሞተር ነው፥ ሦስተኛው ሚዛንና መሪ ነው። ክንፍና ሞተር በሌሎች ሰዎች ድካም ከሞላ ጐደል እየተገኙ ናቸው፤ ያልተገኘው ሦስተኛው ነው ብለው ቈረጡ። ዊልበር በ1901 ዓ.ም. በቺካጎ ለመሐንዲሶች ማኅበር ሲናገር ይህንኑ አሳብ ገለጸ፤ የሚዛኑና የመሪው ነገር ከተፈታ የቀረው ሁሉ ቀላል ይሆናል የሚል ነበር። ስለዚህ ሞተር ለመግዛት አልቸኰሉም። በሰሜን ካሮላይና ኪቲ ሆክ በሚባል አሸዋማ የባሕር ዳር በ1900፥ በ1901ና በ1902 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ሞተር የሌላቸውን ክንፎች እየሠሩ ሞከሩ።

ሁለተኛው ክንፍ እንደ ታሰበው አልሸከም ቢላቸው መጽሐፍ ላይ ያለውን ሒሳብ ተጠራጠሩ። በ1901 ዓ.ም. መጸው በሱቃቸው ውስጥ ነፋስ የሚያልፍበት ረጅም ሣጥን ሠርተው ሁለት መቶ ያህል ትናንሽ የክንፍ አምሳያዎችን አንድ በአንድ መዘኑ። በዚያ ልክ የተሠራው የ1902 ዓ.ም. ክንፍ በግራም በቀኝም፥ በላይም በታችም እንደ ፈቃዳቸው ታዘዘላቸው፤ በመስከረምና በጥቅምት ብቻ ብዙ መቶ ጊዜ ተንሳፈፉበት። ሞተር ገና አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ሁለቱም መብረርን ተምረው ነበር።

ሞተር የመግዣው ጊዜ ለእነርሱ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው። አሁን ክንፉ በስንት ፍጥነት ስንት ክብደት እንደሚያነሣ፥ አየሩም በስንት ኃይል እንደሚገታው ከራሳቸው መዝገብ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለሞተር ሠሪ የሚሰጥ ልክ መጻፍ ቻሉ። በታኅሣሥ 1902 ዓ.ም. ለብዙ የሞተር ፋብሪካዎች ደብዳቤ ላኩ፤ ሞተሩ 8 ወይም 9 የፈረስ ጕልበት ይኑረው፥ ከ82 ኪሎ አይብለጥ፥ ብዙም አይንቀጥቀጥ የሚል ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ከሁሉ የበለጠውን ብርቱ ሞተር አለመጠየቃቸው ነው፤ የጠየቁት የሚበቃቸውን ብቻ ነበር።

ከፋብሪካዎቹ የሚስማማ መልስ አልመጣም። የሚፈልጉት ልክ ግን መጠነኛ ስለ ነበረ፥ በብስክሌት ሱቃቸው የሚሠራው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር ራሱ ሊያበጀው ተነሣ። ንድፉን በቍራጭ ወረቀት ላይ እየጻፉ፥ በሱቁ በነበረው ቶርኖና መሰርሰሪያ በስድስት ሳምንት ሠራው። አካሉ በዚያው ከተማ ከአሉሚኒየም ቀልጦ ተቀረጸ፤ ዋናው ዘንግ ከአንድ ወፍራም የብረት ጠፍጣፋ ተፈልፍሎ ወጣ። አራት ሲሊንደር ነበረው። ቤንዚኑ ከላይ ካለ ዕቃ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ኃይሉን በበረራ ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ አልነበረውም። በየካቲት 1903 ዓ.ም. ሲፈትኑት የአሉሚኒየሙ አካል ተሰበረ፤ ሌላ እስኪቀረጽ ሁለት ወር ጠበቁ። የፒልቸር ሞተር በተሰበረ ጊዜ እንግዶች ተጠርተው ነበር፤ የራይት ሞተር በተሰበረ ጊዜ ግን የተጠራ እንግዳ አልነበረምና ስብራቱ ከገንዘብና ከጊዜ በቀር ሌላ አላስከፈለም።

ሁለተኛው ሞተር ሲነሣ 16፥ ጥቂት ከሄደና ከጋለ በኋላ ደግሞ 12 የፈረስ ጕልበት ሰጠ። ከጠየቁት የበለጠውን ይህን ትርፍ ለፍጥነት አላዋሉትም፤ አካሉን ለማጠንከር 70 ኪሎ ያህል ጨመሩበት። ሞተሩን ሲጠብቁም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ነፋሱን ወደ ኋላ የሚገፋው ፕሮፔለር ራሱ የሚሽከረከር ክንፍ መሆኑን አስተውለው፥ በዚያው በሣጥኑ ሒሳብ ሁለት ፕሮፔለር ከእንጨት ጠረቡ። ሞተሩ ደካማ ቢሆንም ከኃይሉ የሚባክነው ጥቂት እንዲሆን ያደረገው ይህ ነው።

በኪቲ ሆክ የፕሮፔለሩ ዘንጎች እየተሰበሩ ብዙ ቀን አለፈ። በታኅሣሥ 12 ቀን 1903 ዓ.ም. ሁሉ ተሰናዳ፥ ነፋሱ ግን አነሰ፤ 13ኛው ቀን እሑድ ነበርና ሰንበትን አክብረው አልሠሩም። በ14ኛው ቀን ዊልበር ሞክሮ ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል ከተነሣ በኋላ ወደቀ፥ የተሰበረውንም ጠገኑ። በ17ኛው ቀን ሐሙስ ዕለት ኦርቪል 12 ሰከንድ በረረ፥ የሄደውም 36 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በዚያው ቀን በአራተኛው ጊዜ ዊልበር 59 ሰከንድ በአየር ላይ ቆይቶ 260 ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ በኋላ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ አይሮፕላኑን እያንከባለለ ሰባበረው፤ እነርሱ ግን ያን ቀን ለአባታቸው የድል ቴሌግራም ላኩ። ላንግሊ ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀበት ቀን የሚለየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ማወዳደር ነው። የላንግሊ ሞተር 52 የፈረስ ጕልበት ነበረው፤ የራይት 12 ብቻ። የላንግሊ ሞተር ለአንድ ፈረስ ጕልበት ከሁለት ኪሎ በታች ይመዝን ነበር፤ የራይት ሞተር ሰባት ኪሎ ያህል። የላንግሊ ሥራ 70 ሺሕ ዶላር ያህል ፈጀ፤ የራይት ልጆች የባቡራቸውን ዋጋ ሳይቀር ቢቈጥሩት ከአንድ ሺሕ ዶላር አላለፈም። በሞተር ብልጫ የሚበረር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚበረው ማንሊ ነበረ።

ነገር ግን በላንግሊ ላይ በጭፍን መፍረድ ደግሞ አይገባም። በ1898 ዓ.ም. ለአይሮፕላን የሚሆን ሞተር በየትም ገበያ አይገኝም ነበርና፥ ጊዜ የሚፈጀውን ነገር አስቀድሞ ማዘዝ ለብልህ ሰው የሚገባ አሳብ ይመስላል። ዛሬም የሚጠበቀው ዘመን ረጅም ከሆነ አስቀድሞ ማዘዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ራይቶችም በመዘግየታቸው የተጠቀሙት በጥበባቸው ብቻ አይደለም፤ በአራቱ ዓመት ውስጥ የአውቶሞቢል ሠሪዎች ብዙ ስለ ደከሙ፥ በ1898 ዓ.ም. ለሞተር ሠሪ የከበደው ነገር በ1903 ዓ.ም. ለአንድ መካኒክ የሚቻል ሆኖ ነበር። የሚጠብቅ ሰው የሌሎች ሰዎች ድካም ይረዳዋል። የላንግሊ ስሕተት አስቀድሞ ማዘዙ ሳይሆን፥ ሞተሩን ሲጠብቅ ሌላውን ሥራ መተዉ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ማንሊን በክንፍ ላይ ማለማመድ ይችል ነበርና።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ሞተርን መምረጥና ሞተርን መግዛት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ምርጫው ቀድሞ መሆን አለበት፤ የሞተሩ ክብደት፥ ልኩና መያዣው አካሉን ይወስነዋልና፥ ይህን በወረቀት ሳይዝ አፍንጫውን የሚሠራ ሰው በጨለማ የሚሠራ ነው። ግዢው ግን አካሉ ቆሞ፥ ክብደቱ ተመዝኖ፥ ሠሪውም መብረርን በሌላ ሰው አይሮፕላን ተለማምዶ፥ የቀረው ሥራ የወራት እንጂ የዓመታት ያልሆነ ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከሣጥኑ ወጥቶ በቶሎ ይነሣል፤ ጕድለት ቢገኝበትም የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ይመለሳል።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ፀሐይ የተባለችው አይሮፕላን ሉድቪክ ቬበር በሚባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ መሪነት በኢትዮጵያውያን እጅ በአዲስ አበባ ስትሠራ፥ ልቧ የሆነው ሰባት ሲሊንደር ያለው የዋልተር ሞተር ግን ከቼኮስሎቫኪያ የመጣ ነበር። በታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል በረረች። ጠላት ወደ ኢጣሊያ ወስዷት ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በ2024 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ተመልሳለች። ሞተሩ የሰው አገር ፋብሪካ ሥራ ቢሆንም፥ አይሮፕላኗ የኢትዮጵያ መባልዋ አልቀረም።

ኤጲስ ቆጶስ ሚልተን ራይት በ1910 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ከልጃቸው ከኦርቪል ጋራ ወደ ሰማይ ወጡ። በዚያም ሳሉ አልፈሩም፤ ልጃቸውን ከዚህም በላይ ከፍ አድርገኝ አሉት ይባላል። ሽማግሌው ያን ያህል የታመኑት የሞተሩን ብርታት አይተው አይመስልም፤ ልጆቻቸው ሞተር ከመፈለጋቸው በፊት በአሸዋው ላይ ስንት ጊዜ እንደ ወደቁና እንደ ተነሡ ያውቁ ነበርና ነው።